ከሸዋ ጠፋ ወይስ መጀመሪያም አልነበረም? የአንድ ፍልፈልና የአንዲት ወፍ ታሪክ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ተጉዛችሁ ታውቁ ይሆናል። ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ኦሎንኮሚንና ጊንጪን አልፋችሁ አምቦ እስክትደርሱ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አብዛኛው መንገደኛ በመስኮት የሚያየው የጤፍና የስንዴ ማሳ፣ የባሕር ዛፍ ረድፍ፣ ከብትና ቤት ነው። በየመሀሉ ግን ዝቅ ባለው ሥፍራ ክረምት ላይ ውኃ የሚቋጥር፣ ከክረምት በኋላም አረንጓዴነቱ ቶሎ የማይለቀው ጨፌ አለ። የዛሬው ታሪካችን ከዚህ ጨፌ ይጀምራል። ከዚያ ጀርመን አገር ደርሶ፣ ባሌ ተራራ ላይ ወጥቶ፣ ተመልሶ ምዕራብ ሸዋ ይገባል።

ታሪኩ የሁለት እንስሳት ነው። አንደኛዋ ዘማሪ ወፍ ናት፤ ከኢትዮጵያ በስተቀር በየትም አገር አትገኝም። ሁለተኛው አይጥ መሰል ትንሽ አጥቢ እንስሳ ነው፤ እሱም ከኢትዮጵያ ውጭ የለም። ሁለቱንም ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው አንድ ሰው ነው፤ በሁለት ዓመት ልዩነት። ዛሬ ግን አንደኛዋን ከአምቦ መንገድ ዳር ልታዩአት ትችላላችሁ፤ ሁለተኛውን ለማየት ባሌ ድረስ መሄድ አለባችሁ። ለምን? እስቲ አብረን እንከታተለው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከፍራንክፈርት የመጣው ሰው

ኤድዋርድ ሩፔል በ1794 ፍራንክፈርት ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ ባለጸጋ ነበር፤ እሱ ግን ልቡ የሄደው ወደ ጉዞና ወደ ተፈጥሮ ነው። በ1831 በምጽዋ በኩል ወደ አገራችን ገባ። ስሜንን አየ፤ ጎንደርም ከረመ። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነው፤ መንገዱ በጦርነትና በሽፍታ የተዘጋጋበት፣ ተጓዥ ከአንዱ ገዥ ወደ ሌላው ገዥ እየተለማመጠ የሚያልፍበት ዘመን። ሩፔል ግን በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ወፍ፣ አጥቢ እንስሳ፣ ዓሣ፣ የብራና መጽሐፍ ሳይቀር ሰብስቦ ተመለሰ። በ1839 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ሲሸልመው፣ ሽልማቱን ያገኘ የመጀመሪያው የውጭ አገር ሰው ሆነ።

የሰበሰባቸው እንስሳት በፍራንክፈርቱ የዜንከንበርግ ቤተ መዘክር ተቀመጡ። ሩፔልም አንድ በአንድ እየመረመረ ስም አወጣላቸው። ዛሬ በሳንቲማችንና በቴምብራችን የምንኮራበትን የእንስሳት ሀብታችንን ስታስቡ የሩፔል ስም ደጋግሞ ይመጣል። ቀይ ቀበሮን በሳይንሳዊ ስም የመዘገበው እሱ ነው። ለእኛ ታሪክ የሚያስፈልጉን ግን ሌሎች ሦስት ስሞች ናቸው።

በ1835 ደምቢያ ላይ የተገኘውን ተራውን ፍልፈል መዘገበ። ይሄ ፍልፈል ከአምቦ እስከ ወንጪ ባለው የገበሬ ማሳ የአፈር ቁልል የሚሠራው፣ ድንቹን ከሥር እየበላ ሰው የሚያናድደው ነው፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ።

በ1840 አንዲት የሜዳ ወፍ መዘገበ።

በ1842 ደግሞ ከተራው ፍልፈል በብዙ የሚበልጥ፣ ራሱ ትልቅ የሆነ ፍልፈል መዘገበ። የተገኘበት ቦታ ተብሎ የተጻፈው አንድ ቃል ነው፦ ሸዋ።

ይቺን ቃል ያዙልኝ። እንመለስባታለን።

ባለረጅም ጥፍሯ ወፍ

የሩፔል ወፍ በሳይንሳዊ ስሟ ማክሮኒክስ ፍላቪኮሊስ ትባላለች። ማክሮኒክስ ማለት «ትልቅ ጥፍር»፣ ፍላቪኮሊስ ማለት «ቢጫ አንገት» ነው። ስሙ መልኳን በትክክል ይናገራል። ጀርባዋ የደረቀ ሣር ቀለም አለው፤ ቡናማ ሆኖ ጥቁር ጭረት አለበት። ሣር ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታችሁ ከቆመች አታዩአትም። ዞር ስትል ግን ጉሮሮዋ እንደ እርድ ቢጫ ነው፤ ዙሪያውን ደግሞ እንደ ማተብ ያለ ጥቁር መቀነት አለው። የኋላ ጣቷ ጥፍር በጣም ረጅም ነው። ውላ የምታመሸው ሣር ላይ እየተራመደች ነፍሳት በመልቀም ስለሆነ፣ ረጅሙ ጥፍር ክብደቷን በሰፊው ያከፋፍልላታል።

ዘማሪ የምንላቸው ወፎች ሁሉ ዛፍ ላይ ይዘምራሉ ብላችሁ ካሰባችሁ ይቺ ወፍ ታስገርማችኋለች። ከጉብታ ላይ ሆና፣ አጥር ላይ ቆማ፣ አንዳንዴም በአየር ላይ እየበረረች ታዜማለች። ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ላይ፣ ሣር ውስጥ ነው። ስለዚህ ለእሷ ረጅም ሣር ማለት ቤት፣ ጓዳና አጥር ነው። ሣሩ ከታረሰ ወይም ከብት እስከ ሥሩ ከጋጠው ጎጆ የምትሸሽግበት ቦታ የላትም።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልጨምርላችሁ። በሰሜን አሜሪካ ሜዳዎች ላይ ከእሷ ጋር ምንም የቅርብ ዝምድና የሌላት ወፍ አለች። የእሷም ጀርባ የሣር ቀለም፣ ደረቷ ቢጫ፣ ደረቷ ላይም ጥቁር ቅርጽ አለባት። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታዩአቸው እህትማማች ትሏቸዋላችሁ። ግን አይደሉም። ሁለት የማይዛመዱ ወፎች በሁለት አህጉር ላይ አንድ ዓይነት ኑሮ ስለኖሩ ተፈጥሮ አንድ ዓይነት ልብስ አለበሰቻቸው። ሳይንቲስቶች ይህን ተመሳስሎሽ ለብዙ ዓመታት ምሳሌ አድርገው ሲያስተምሩበት ኖረዋል።

ጭንቅላት ብቻ የሚያሳየው እንስሳ

ወደ ፍልፈሉ እንምጣ። የሩፔል ግዙፍ ፍልፈል ታኪዮሪክቴስ ማክሮሴፋለስ ይባላል። ትርጉሙ «ፈጣን ቆፋሪ፣ ባለትልቅ ራስ» እንደማለት ነው። አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ሊመዝን ይችላል። ለአይጥ ወገን ይሄ ቀላል አይደለም! ዓይኖቹ ከራሱ አናት ጠጋ ብለው የተቀመጡ ናቸው። ምክንያቱም ኑሮው እንዲህ ነው፦ ከመሬት ሥር ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ብቅ ሲል ራሱን ብቻ አውጥቶ ዙሪያውን ይቃኛል፤ በአቅራቢያው ያለውን ሣርና ቅጠል በጥርሱ ይዞ ወደ ኋላው ይገባል፤ በሩንም በአፈር ይደፍናል። ከላይ የተቀመጠ ዓይን ላለው እንስሳ ሰውነትን ሳያጋልጡ አካባቢን ማየት ይቻላል።

ይህ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አልመጣም። ደጅ የሚጠብቀው ቀይ ቀበሮ አለ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ካሉት እጅግ ብርቅዬ የውሻ ዘሮች አንዱ ነው፤ የአዋቂዎቹ ቁጥር ከ500 አይበልጥም። ባሌ ውስጥ ደግሞ ይህ ግዙፍ ፍልፈል የቀበሮው ዋና ምግብ ነው። ቀበሮው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሳይነቃነቅ ቆሞ ይጠብቃል፤ ፍልፈሉ ብቅ ሲል ይወረወርበታል። ፍልፈሉ ከጠፋ ቀበሮው ምን ይበላል? ይሄን ጥያቄም አትርሱት።

ግዙፉ ፍልፈል ዛሬ የሚታወቀው ከባሌ ተራሮች ነው። ከ3,000 ሜትር እስከ 4,150 ሜትር ባለው ከፍታ፣ በተለይ በሳነቴ አምባ በሚገኘው ብርዳማ ሣርና ቁጥቋጦ ውስጥ ይኖራል። በምዕራብ ሸዋም ሆነ በሰሜን ሸዋ፣ በሸዋ ምድር የትም ቦታ አይታወቅም።

ታዲያ የሩፔል መዝገብ ለምን «ሸዋ» አለ?

አንድ ቃል፣ ሁለት ትርጓሜ

ለዚህ እንቆቅልሽ ሁለት ዓይነት መልስ ሊኖር ይችላል።

የመጀመሪያው መልስ፦ ቃሉ እንስሳው የኖረበትን ሳይሆን የተገኘበትን ወይም የተላከበትን ቦታ ነው የሚናገረው። ሩፔል ራሱ የሄደው በሰሜን በኩል ነው፤ ስለዚህ የሸዋ ነገር ሁሉ በሰው እጅ የደረሰው ነው ማለት ነው። በ1842 ሸዋ ማለት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ላይ ሆነው የሚገዙት መንግሥት ነበር። ነጋዴ ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ ቆዳ፣ ጥርስ፣ ቡና፣ ጨው ይዞ። አንድ ነገር በሸዋ በኩል ወጣ ማለት በሸዋ በቀለ ማለት አይደለም። ይህ ዓይነት ስያሜ እንግዳ ነገር አይደለም። «ሞካ» የሚባለውን ቡና ታውቁት የለ? ሞካ የየመን ወደብ ነው። ወደቡ ላይ ቡና አልበቀለም፤ በዚያ በኩል ስለተጫነ ብቻ ስሙን ወሰደ።

ሁለተኛው መልስ ያስደነግጣል፦ ቃሉ ትክክል ነበር። ፍልፈሉ በሸዋ ከፍታዎች ላይ ይኖር ነበር፤ ከዚያ ጠፋ። እንዴት ይሆናል ትሉ ይሆናል። የዛሬ 20,000 ዓመት ገደማ፣ ምድር በቀዘቀዘችበት ዘመን፣ የባሌ አናት በበረዶ ግግር ተሸፍኖ ነበር። ዛሬ ከተራራ ጫፍ ላይ ብቻ የምናየው ብርዳማ ሣር ያን ጊዜ ወደ ታች ወርዶ ሰፊ አገር ይሸፍን ነበር። ከዚያ በኋላ ምድር እየሞቀች ስትመጣ ያ ሣር ወደ ላይ ሸሸ። ተራራ ደግሞ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ ነገር ነው። ረጅም የሆነው ባሌ፣ 4,377 ሜትር የሚደርሰው ቱሉ ዲምቱ ያለበት፣ ለእንግዳው ቦታ ተረፈው። ዝቅ ያሉት ተራሮች አናታቸው አለቀ። ለማነጻጸር ያህል ከአምቦ በስተደቡብ ያሉትን ወንጪንና ደንዲን አስቡ። ሁለቱም ከ3,000 ሜትር ትንሽ ነው የሚዘልቁት፤ መሀላቸው ደግሞ ሐይቅ ነው። ለግዙፍ ፍልፈል የሚሆን ሰፊ ብርዳማ አምባ የላቸውም።

ሁለቱን መልሶች መለየት ይቻላል? የታሪክ ሰው ሰነድ ይመረምራል፤ የተፈጥሮ ታሪክ ሰው ደግሞ ሰነዱ አጥንት ሊሆን ይችላል። ባሌ ውስጥ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ፤ ከባሕር ወለል በላይ 3,469 ሜትር ላይ። አርኪዮሎጂስቶች በ2019 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች እዚያ እየሰፈሩ ግዙፍ ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ እንደነበር ከተቃጠሉ አጥንቶች አረጋግጠዋል። ስለዚህ አጥንት ይቆያል፤ ይናገራልም። ከሸዋ ዋሻዎች አንዱ ውስጥ እንዲህ ያለ አጥንት ቢገኝ ሁለተኛው መልስ አሸነፈ ማለት ነው።

ሌላው መንገድ ዲኤንኤ ነው። በጎጃም፣ በግልገል ዓባይ ምንጭ አካባቢ፣ በ1927 የአሜሪካ ቤተ መዘክር ጉዞ አንዲት ውኃ ውስጥ የምትዋኝ አይጥ ያዘ። ከዚያ ወዲህ ሌላ አልተገኘም፤ ጠፍታለች ተብሎ ይፈራል። ሆኖም ከ90 ዓመት በላይ መሳቢያ ውስጥ ከቆየው ከዚያ ብቸኛ ናሙና ሳይንቲስቶች ዲኤንኤ አውጥተው የእንስሳዋን ዝምድና ለይተዋል። አያችሁ፣ አሮጌ ናሙና ሞቶ አይሞትም። የሩፔል ዘመን ናሙናዎችም እንደዚሁ ከዛሬዎቹ የባሌ ፍልፈሎች ጋር ሊነጻጸሩ ይችላሉ።

ለመሆኑ የባሰበት ማነው?

አሁን ሁለቱን እንስሳት ጎን ለጎን እናቁማቸው። የትኛው ነው የበለጠ ሥጋት ላይ ያለው?

ይህን የሚመዝን ዓለም አቀፍ መዝገብ አለ። የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት «ቀይ መዝገብ» ይባላል። በዚህ መዝገብ ግዙፉ ፍልፈል «ለመጥፋት የተቃረበ» ተብሎ ተጽፏል። ባለረጅም ጥፍሯ ወፍ ደግሞ አንድ ደረጃ ሳይሆን ሁለት ደረጃ ዝቅ ብላ «ወደ ሥጋት የቀረበች» ከሚባሉት ጋር ናት። በወረቀት ላይ ካየነው ጥያቄው አለቀ፤ ፍልፈሉ ይብሳል።

ግን መዝገቡ በምን እንደሚለካ እንይ። አንዱ መለኪያ የመኖሪያ ስፋት ነው። የአንድ እንስሳ ጠቅላላ ክልል ከ5,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ካነሰ፣ ያውም የተቆራረጠ ወይም እየቀነሰ የሚሄድ ከሆነ፣ «ለመጥፋት የተቃረበ» ሊባል ይችላል። ግዙፉ ፍልፈል በአንድ ተራራማ አገር የተወሰነ ስለሆነ በዚህ መለኪያ ወዲያው ይያዛል። ወፏ ግን ከሰሜን እስከ ደቡብ በኢትዮጵያ ደጋ ሁሉ ተበትና ትኖራለች፤ ባሌ ውስጥ ራሱ ከፍልፈሉ ጋር ጎረቤት ናት። በስፋት ብትለካ አትያዝም።

ሁለተኛው መለኪያ የመቀነስ ፍጥነት ነው። በ10 ዓመት ወይም በሦስት ትውልድ ውስጥ፣ ከሁለቱ የረዘመው ተወስዶ፣ ቁጥሩ 30 በመቶ የቀነሰ «ተጋላጭ»፣ 50 በመቶ የቀነሰ «ለመጥፋት የተቃረበ» ይባላል። ለትንሽ ወፍ ሦስት ትውልድ ብዙ ዓመት አይደለም። ስለዚህ መለኪያው የሚያየው የቅርቡን ጊዜ ነው። ከመቶ ዓመት ጀምሮ ቀስ እያለ የመጣ መቀነስ በዚህ ሚዛን ላይ ቀላል ሆኖ ይታያል።

እንግዲህ ልዩነቱ ይሄ ነው። የፍልፈሉ ችግር ቤቱ አንድ መሆኑ ነው። ያ አንድ ቤት ቢፈርስ ሁሉም ያልቃል። በሌላ በኩል ቤቱ የት እንደሆነ ስለሚታወቅ ዘብ ማቆም ይቻላል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ በ2023 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በፓርኩ ውስጥም ግጦሽና ሰፈራ እየተስፋፋ መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም ቢያንስ የሚሟገትለት ስም አለው።

የወፏ ችግር ተቃራኒው ነው። ቤቷ ሺህ ቦታ ነው፤ እያንዳንዱ ደግሞ ትንሽ ጨፌ ነው። አንዱ ጨፌ ሲታረስ ዜና አይሆንም። ፓርክም አይደለም፤ የሰው መሬት ነው። «ኧረ ሌላ ቦታ አለች» ይባላል። ሌላው ቦታም እንደዚያው ይባላል። በብዛት መኖር ዋስትና እንዳልሆነ የሚያስተምረን የአሜሪካው ተጓዥ እርግብ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በቢሊዮን የሚቆጠር፣ ሲበር ሰማይ የሚያጨልም ወፍ ነበር። የመጨረሻዋ በ1914 ሲንሲናቲ ከተማ ውስጥ በአጥር ታጉራ ሞተች። ወደ ቤታችን ስንቀርብ ደግሞ ኬንያ ውስጥ የእኛይቱ ወፍ የቅርብ ዘመድ አለች። እሷም የደጋ ሣር ወፍ ናት። ደጋው ለእርሻ በመዋሉ ዛሬ «ለመጥፋት የተቃረበች» ተብላ ተመዝግባለች። የእኛዋ በዚያ መንገድ ላይ ከኋላ የምትከተል ብትሆንስ?

ጨፌው እስከ ዛሬ ለምን ቆየ?

አሁን ወደ አምቦ መንገድ እንመለስ። እዚህ ጋ ታሪኩ የአፈር ታሪክ ይሆናል።

በሆለታና በጊንጪ አካባቢ ያለው ሜዳ አብዛኛው ጥቁር አፈር ነው፤ ገበሬው መረሬ ይለዋል። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ እግር ያስገባል። በክረምት ደግሞ ያብጥና ይዘጋል፤ ውኃ ከላዩ ይተኛል። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ በሐምሌ ስንዴ ብትዘሩ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ስለዚህ አባቶቻችን ሁለት ብልሃት ነበራቸው። አንደኛው ዝናቡ እስኪያልፍ ጠብቆ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ መዝራት ነው። ሁለተኛው በጣም የሚተኛበትን ቦታ ጨርሶ ሳያርሱ ለከብት ሣር መተው ነው።

አያችሁት? ጨፌውን ለዘመናት ሲጠብቀው የኖረው ውኃው ነው። ሕግም፣ ፓርክም፣ ዘበኛም አልነበረም። ወፏ የኖረችው ማረሻ ሊገባበት ባልቻለ መሬት ላይ ነው።

በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንዲህ ያለ ጥቁር አፈር አለ፤ ከዚያ ውስጥ 7.6 ሚሊዮኑ በደጋ ነው። ይህን ያህል መሬት ግማሽ ዓመት ሥራ ፈቶ መቀመጡ ተመራማሪዎችን አሳሰባቸው። ጊዜውም ከባድ ነበር፤ የ1984ቱ ረሃብ ገና ከአእምሮ አልወጣም። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ጊንጪ የጥቁር አፈር ምርምር ከሚካሄድባቸው ዋና ቦታዎች አንዷ ሆነች። መልሱም ቀላልና ብልህ ነበር፦ ሁለት የሀገር ማረሻ አጣምሮ በበሬ የሚጎተት መሣሪያ ሠሩ። መሣሪያው ሰፊ መደብ ያወጣል፤ በመደቦቹ መሀል ቦይ ይቀራል፤ ውኃው በቦዩ ይወርዳል፤ ሰብሉ መደቡ ላይ ይደርቅለታል። በጊዜ መዝራት ተቻለ፤ ምርት ጨመረ።

ይህን መሣሪያ የሠሩትን ሰዎች ልንወቅስ አይገባም፤ ገበሬውንም እንዲሁ። በ1984 ኢትዮጵያ ውስጥ የነበረው ሕዝብ 42 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። ልጅ ያደረሰ ሰው መሬት ይከፋፈላል። ቤተሰቡን ለማብላት ያልታረሰውን ማረስ አለበት። ነገር ግን የሚያዋጣውን ስናወድስ የሚያስከፍለውንም መቁጠር ተገቢ ነው። ውኃው ከወረደ ጨፌው ማሳ ይሆናል። የቀረው ጨፌ ላይ ደግሞ የሁሉም ሰው ከብት ይሰበሰብበታል። ያን ጊዜ ሣሩ ጎጆ እስከሚሸሽግ ድረስ ማደጉ ይቀራል።

የሚንሸራተተው መነሻ

ዳንኤል ፖሊ የሚባል የዓሣ ሳይንቲስት በ1995 አንድ ሐሳብ ጻፈ። እያንዳንዱ ትውልድ «ትክክለኛው ተፈጥሮ» ብሎ የሚይዘው እሱ በልጅነቱ ያየውን ነው አለ። አያቱ ከዚያ የበለጠ ዓሣ አይተው ነበር፤ እሱ ግን የራሱን ዘመን መነሻ አድርጎ ይለካል። ልጁም እንደገና ከዚያ ያነሰውን መነሻ ያደርጋል። በዚህ ዓይነት ብዙ ነገር ይጠፋል፤ ማንም ግን ጠፋ አይልም። መነሻው ራሱ አብሮ ይንሸራተታል።

የሩፔል «ሸዋ» የምትል ቃል ዋጋዋ እዚህ ላይ ነው። ስህተትም ትሁን እውነት፣ የተጻፈች መነሻ ናት። ከ180 ዓመት በኋላ ቆም ብለን «ቆይ፣ ይሄ እንስሳ እዚህ ነበር እንዴ?» እንድንል ያስገደደችን እሷ ናት። ቃሏ ባትጻፍ ኖሮ ጥያቄውም አይኖርም ነበር። አንድ እንስሳ «ጠፋ» ለማለት መጀመሪያ «ነበረ» የሚል ምስክር ያስፈልጋል።

አሁን ይህን ወደ ወፏ አዙሩት። አምቦ ላይ ካላችሁ አያታችሁን ጠይቁ፦ በልጅነታቸው ከብት የሚጠብቁበት ጨፌ የት ድረስ ነበር? ዛሬስ የቱ ቀርቷል? «ያኔ ይሄ ሁሉ ሣር ነበር» ሲሉ ብዙ ጊዜ እንደ ትዝታ ወሬ እንሰማቸዋለን። ለካ እሳቸው መዝገብ ናቸው። ያልተጻፈ መዝገብ ግን ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል።

በርጋ ላይ የታየ ነገር

ነገሩ ሁሉ ጨለማ አይደለም። በዚሁ በአምቦ መንገድ አካባቢ፣ በሆለታና በአዲስ ዓለም በኩል፣ በርጋ የሚባል ረግረጋማ ሜዳ አለ። እዚያ ከዓለም እጅግ ብርቅዬ ወፎች አንዷ፣ ክንፈ ነጭ የሆነች ትንሽ የረግረግ ወፍ፣ በክረምት ትራባለች። ዘማሪ ወፍ አይደለችም፤ ወገኗ ሌላ ነው፤ ሥጋቷም ከባለረጅም ጥፍሯ እጅግ የከፋ ነው። በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከአካባቢው ሰዎች ጋር ሆኖ ለዓመታት እዚያ ሠርቷል። ሐሳቡ ሜዳውን ከገበሬው መንጠቅ አልነበረም። ከብቱ ክረምቱን ወፏ እስክትፈለፍል ከሜዳው ዘወር እንዲል፣ ከዚያ በኋላ ሣሩ ለባለቤቶቹ እንዲውል ነው። ለአካባቢው ልጆችም ትምህርት ቤት ተሠርቷል።

ይህ አሠራር ለእኛ አገር አዲስ ፈጠራ አይደለም። በሰሜን ሸዋ መንዝ ውስጥ ያለውን ጓሳ አስቡት። የአካባቢው ሕዝብ የጓሳውን ሣር ለዓመታት ዘግቶ፣ በደንብ ሲያድግ በጋራ ከፍቶ የሚያጭድበት ሥርዓት ከመቶዎች ዓመታት በፊት ጀምሮ ነበረው። ዛሬ እዚያ ቀይ ቀበሮም አለ። ጓሳ ውስጥ ግዙፍ ፍልፈል የለም፤ ቀበሮው በትናንሽ አይጦችና በተራው ፍልፈል ይኖራል። ቅድም «ፍልፈሉ ከጠፋ ቀበሮው ምን ይበላል?» ያልነው ጥያቄ አንድ መልስ እዚህ አለው፦ ሣሩ ካለ ሌላ የሚበላ ይገኛል። ሣሩ ከሌለ ግን ማንም የለም፤ ፍልፈሉም፣ ቀበሮውም፣ ወፏም።

ስለዚህ ከሁለቱ ማን ይብሳል ላላችሁት፣ ፍልፈሉ ለመጥፋት ቅርብ ነው፤ ወፏ ደግሞ ሳናይ ለመጥፋት ቅርብ ናት። ለመጀመሪያው የሚያስፈልገው አንድ ተራራ መጠበቅ ነው። ለሁለተኛዋ የሚያስፈልገው ብዙ ሰው ብዙ ትንሽ ቦታ ማየቱ ነው።

ይሄኛውን ደግሞ እናንተም ትችላላችሁ። በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ ወይም በሆለታ የምትኖሩ ከሆነ አንድ ጨፌ ምረጡ። በየወሩ አንድ ጠዋት ሂዱ። ደብተር ላይ ቀኑን፣ የቦታውን ስም፣ የሣሩን ቁመት፣ ቢጫ ጉሮሮ ያላትን ወፍ ስንት እንዳያችሁ ጻፉ። ምንም ካላያችሁም «የለም» ብላችሁ ጻፉ፤ «የለም» የሚል መዝገብ «አለ» ከሚለው እኩል ዋጋ አለው። ጎጆ ካገኛችሁ አትንኩት፤ ራቅ ብላችሁ ተመልከቱ። የቦታውን ስም ግን አሳጥራችሁ «ሸዋ» ብቻ ብላችሁ እንዳትተዉት። ቀበሌውን፣ ወንዙን፣ የቅርቡን ቤተ ክርስቲያን ወይም ገበያ ጨምሩበት። ከ180 ዓመት በኋላ ደብተሩን የሚያነብ ሰው እንደ እኛ በአንድ ቃል ላይ እንዳይንገላታ።